በብሉቱዝ ያመለጠኝ ምሥጢር

ማክሰኞ ጠዋት ሱቅ እንደከፈትን ስድስት ዓመት የሠራሁበት እንጀራዬ በአንድ ጣት ንክኪ ያለቀለት መስሎኝ ነበር...

መርካቶ ዱባይ ተራ ጫማ ቤት ነው የምሠራው። አሠሪዬ ጋሼ ሙደሲር ፖድካስት ነፍሳቸው ነው፤ ዳታ ላይ ግን ይሰስታሉ። ስለዚህ እኔ ቤት ባለን ዋይፋይ አወርድና ጠዋት ጠዋት ለእሳቸውም ለጎረቤትም በብሉቱዝ አድላለሁ።

ሰሞኑን እኔም በስልኬ የራሴን መቅዳት ጀምሬያለሁ። የመጀመሪያው ክፍል ላይ ሆዴ ውስጥ ያለውን ሁሉ ዘረገፍኩት። ሲኒማ ራስ አካባቢ ለራሴ ትንሽ ሱቅ እንዳየሁ፣ ጋሼን «ልለቅ ነው» ለማለት ፈርቼ ሦስት ወር እንደዋጥኩት...

እሱን አጎራባች ሱቅ ውስጥ ለምትሠራው ጓደኛዬ ለሐያት ላክሁላት። እስቲ ስሚና ንገሪኝ ብዬ።

ችግሩ ጋሼ ስልክ ሲገዙ እኔ ከያዝኩት ዓይነት ካልሆነ ብለው ነበር፤ አጠቃቀሙ ሲጠፋባቸው እንዳሳያቸው። የሐያትም ያው ነው። ብሉቱዙ ሁለት ተመሳሳይ ስም ሲደረድርልኝ ሳላስብ የላይኛውን ነካሁት።

ሐያትን ደረሰሽ ወይ ብላት ምንም አልመጣም አለች። ዞር ስል ጋሼ ኤርፎናቸውን ሰክተው ተመቻችተው ተቀምጠዋል... ለካ የነካሁት የእሳቸውን ስልክ ኖሯል።

ሃያ ደቂቃ ሙሉ ደንበኛ ሠላሳ ስምንት ቁጥር ሲጠይቀኝ አርባ ሁለት አወጣለታለሁ። የጋሼ ፊት ላይ ምንም አይነበብም። ሲጨርሱ ጠሩኝ።

«ያየሽው ሱቅ ምድር ነው ፎቅ?»

«ፎቅ ነው ጋሼ...»

«ተይው። ለጀማሪ ምድር ነው የሚሻለው፣ እኔ አፈላልግልሻለሁ። ጫማ የሚያመጡልኝንም ሰዎች አስተዋውቅሻለሁ። እኔንም አሠሪዬ እንዲሁ እጄን ይዘው ነው ያወጡኝ። አንቺ እስካሁን ምን ትጠብቂያለሽ እያልኩ ነበር።»

እዚያው የጫማ ካርቶን ላይ ቁጭ አልኩ። ሦስት ወር ደረቴ ላይ የተቀመጠው ነገር ሲነሳልኝ እንባዬ መጣ። እፎይ... እንዲህ ቀላል ነበር ለካ።

ዓይኔን ጠራርጌ ልነሳ ስል ጋሼ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«የቀዳሽው መሃል ላይ፣ ሲቆጣ ካርቶን ውስጥ ልደበቅ ያሰኘኛል ያልሽው አሠሪ ማነው?»

የድሮ አሠሪዬ ናቸው አልኳቸው።

ከጋሼ በፊት የትም ተቀጥሬ አላውቅም። እሳቸውም ያውቃሉ።