ከእማዬ ወንበር ስር

ባለፈው ሳምንት ዲላ ላይ ዝናብ ያዘኝና አንድ ጎረቤቴ፣ ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምር ወጣት፣ በመኪናው ወደ ቤት ወሰደኝ። ከፊት እንደተቀመጥኩ ዳሽቦርዱ ላይ ቁራጭ ጥቁር ፕላስተር ተለጥፎ አየሁ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«የኤርባግ መብራት ናት፣ ጋሼ። ዝም ብላ ትበራለች፤ ሸፈንኳት።»

ሳቄም ንዴቴም አንድ ላይ መጣ። ልመክረው አፌን ስከፍት እናቴ ትዝ አለችኝ፤ ምክሩን ትቼ ወሬዋን ጀመርኩለት።

ያኔ ወጣት ነበርኩ። ሰባት ሰው የምትይዝ ያረጀች ቫን ነበረችን። ቅዳሜ ቅዳሜ እማዬን ከዲላ ገደብ ከተማ ወዳለችው ታላቅ እህቷ ዘንድ የምወስዳት እኔ ነኝ። እማዬ ከኋላ ከተቀመጠች መኪና ያዞራታል፤ ወናጎ ሳንደርስ ያስመልሳታል። ስለዚህ የፊት ወንበር የእሷ ነበር። የማን ቡና እንደቀላ፣ የማን አጥር እንደወደቀ እየነገረችኝ ትሄዳለች። በጥቅምት ይርጋጨፌን ስናልፍ የተፈለፈለ ቡና ሽታ በመስኮት ይገባል። ጎምዘዝ ያለ ሽታ ነው፤ ብዙ ሰው አይወደውም፣ እኔ ግን እወደዋለሁ።

አንድ ሰሞን ያቺው የኤርባግ ቀይ መብራት በእኛም ቫን በራች። ያልመከረኝ ሰው የለም። «አምፖሏን ንቀልና ተገላገል» የሚለው በዛ። እማዬ ራሷ «ዓይኔን ወጋችኝ፣ በሆነ ነገር ሸፍናት» አለች። እኔ ግን ፈራሁ። መንገዱ ጠመዝማዛ ነው፤ የጭነት መኪናው፣ ባጃጁ፣ ከብቱ ሁሉ የሚሄደው በዚያው ነው። ከጎኔ የምትቀመጠው ደግሞ እናቴ ናት።

መካኒካችን ጋሽ ሽፈራው ቁጡ ሰው ነበር። የብልሽት ኮድ ማንበቢያውን ሰክቶ አየና፣ የሰዉን ምክር ስነግረው ዞረብኝ።

«ይቺ መብራት እየበራች ብትጋጭ ኤርባጉ፣ ያ ተነፍቶ ሰው የሚያድነው ከረጢት፣ ላይከፈት ይችላል። የሚያስጠነቅቅህን ሰው አፉን ትይዘዋለህ?»

ኮዱ የሚያመለክተው የእማዬን ወንበር ነበር። መብራቷን አጠፋልን፤ ሳምንቱን ሙሉ ሰላም ሆነ። ቅዳሜ ገደብ ደርሰን ስንመለስ በራች። ደግሞ አጠፋልን፤ ከገደብ መልስ ደግሞ በራች።

«እዚያ ገደብ ምን አለ?» አለ ጋሽ ሽፈራው። ባትሪውን ፈታ፤ ኤርባግ ወዲያው አይነካም ብሎ ጥቂት አስጠበቀንና ወንበሩ ስር ጎንበስ ብሎ ገባ። ሲወጣ ጣቱን ያሸታል።

«ቆጮ!»

ያኔ ገባኝ። አክስቴ እህቷን ባዶ እጇን ሸኝታት አታውቅም። ከጉድጓድ የወጣ እርጥብ ቆጮ በእንሰት ቅጠል ጠቅልላ ትሰጣታለች። እማዬም ከኋላ ካስቀመጥኩት ሰው ይረግጠዋል፣ እህል አይረገጥም ብላ የራሷ ወንበር ስር ትወሽቀዋለች። ውሃው እየተንጠባጠበ እዚያ ስር ያለውን የኤርባጉን ሽቦ ቢጫ ሶኬት አዝጎታል። ጋሽ ሽፈራው የዛገውን ቀየረና ከእንግዲህ እዚህ ስር እርጥብ ነገር እንዳላይ ብሎ አስጠነቀቀን።

እማዬ ጭንቅ ውስጥ ገባች። «ስጦታሽ መኪና አበላሸ ብዬ ለታላቄ ልንገር? ከምነግራትስ ኤርባጉ ይቅርብኝ።»

«አንቺ ብትቀሪብኝስ፣ እማዬ?» አልኳት።



በቀጣዩ ቅዳሜ፣ ከገደብ ልንመለስ ስንነሳ፣ አክስቴ እንደ ወትሮዋ ጥቅልሉን ይዛ መጣችና ሰጠቻት። እማዬ መሬት መሬት እያየች ነገሩን ነገረቻት። አክስቴ ጥቅልሉን መልሳ ተቀብላ ወደ ጓሮ ሄደች። ቆየች። በጣም ቆየች።

«ተቀየመችኝ» አለች እማዬ፤ እንባዋ ቀርቦ ነበር። እኔም ምነው ባልተነገራት አልኩ።

አክስቴ ስትመለስ እጇ እስከ ክርኗ ርሷል፤ ትንፋሽ አጥሯታል። ቆጮውን በጨርቅ አድርጋ፣ ጠብታ እስኪጠፋ ጨምቃ ጨምቃ፣ በደረቅ ቅጠል መልሳ ጠቅልላዋለች።

«እንኪ» አለቻት። «እህቴን የሚጎዳ ውሃ እዚሁ እኔ ጋ ይቅር።»

እማዬ አንገቷ ላይ ተጠመጠመችባት። ከዚያ ወዲያ ከገደብ የሚመጣልን ቆጮ ሁሉ የተጨመቀ ነበር፤ መብራቷም ተመልሳ አልበራችም።

ይህን ስጨርስ ቤቴ ደጃፍ ደርሰናል። ዝናቡ አባርቷል።

«እና ጋሼ፣ በኋላ ተጋጫችሁ? ኤርባጉ ተከፈተ?» አለኝ ጎረቤቴ።

አልተጋጨንም። ኤርባጉ አንድም ቀን ሳይከፈት ቫኗ ተሸጠች። እማዬም ዕድሜ ጠግባ፣ በገዛ አልጋዋ ላይ፣ እህቷ እጇን ይዛት አረፈች።

«ታዲያ ምን ጠቀመ?» ብሎ ሳቀ።

አልፈረድኩበትም፤ ወጣት ነው። ሰው ለደረሰለት ነገር ያመሰግናል፤ ላልደረሰበት ማመስገን የሚመጣው ከዕድሜ ጋር ነው። እኔ ዛሬ ተመስገን ስል፣ እናቴ ከጎኔ ሆና ስታወራ፣ ምንም ሳይገጥመን ቤታችን የገባንባቸው እነዚያ ቅዳሜዎች ናቸው ፊቴ የሚመጡት።