ጋሽ ሰከንድና የጋጋሪዋ አምስት ደቂቃ

አጎቴን ሰፈሩ ሁሉ «ጋሽ ሰከንድ» ይለዋል። ሠላሳ ዓመት የሬዲዮ ጣቢያ ቴክኒሺያን ሆኖ ሲሠራ፣ ሰዓቱ የሞላበትን ተናጋሪ ሁሉ ያለ ርኅራኄ ቆርጧል፤ ሚኒስትር እንኳ «በመጨረሻም…» እንዳለ ቀርቷል። በገዛ ሠርጉ ላይ ሚዜው ንግግር ሲያስረዝም፣ ጉሮሮውን እየጠራረገ አስቁሞታል ትላለች ሚስቱ። ግን ሰው ይወዳል። ማን ቁርስ እንዳልበላ፣ ማን እንደፈራ፣ ከትንፋሹ ይለያል። እንዲህ ያለ ጆሮ መኖሩ እስከ ዛሬ ይገርመኛል።

በምርጫ ሰሞን ሕጉ ለየፓርቲው አምስት አምስት ደቂቃ የአየር ሰዓት በሕዝብ ገንዘብ ገዝቶ ይሰጣል። ባለፎቁም፣ ጽሕፈት ቤቱ የአንድ አባል ሳሎን የሆነውም እኩል። ተናጋሪው ራሱ «ጨርሻለሁ» ካለ ብቻ የተረፈው ለተረኛው ያልፋል።

ያን ቀን ጠዋት ከሳሎኑ ፓርቲ የመጣችው ዳቦ ጋጋሪ ነበረች። ከመስታወቱ ወዲያ ማይክራፎኑ ፊት ተቀመጠች። ከአጎቴ ጎን ደግሞ ተረኛው፣ የትልቁ ፓርቲ ሰው፣ ከረባቱን እያስተካከለ ይጠብቃል። ቀዩ መብራት በራ።

የያዘችውን ወረቀት ጅብ እንደሚያባርረው ሰው አነበበችው። አራት ገጽ በሁለት ደቂቃ ከሃያ ሰከንድ! ከዚያ ዝም።

«ጋሽ ሰከንድ፣ ጨረሰች እኮ፤ የእኛን ያስገቡ» አለ ባለከረባቱ።

«‹ጨርሻለሁ› አላለችም።»

«ወረቀቷ አለቀ!»

«ወረቀቷ ነው ያለቀው፣ ደቂቃዋ አላለቀም። ሕዝብ ለእሷ የገዛውን እኔ ማን ነኝና ለእርስዎ የምሰጠው?»

አጎቴ ለማንኛውም ተናጋሪ እንደሚያደርገው፣ በእሷ ጆሮ ማዳመጫ ብቻ በሚሰማው መስመር፣ «እህቴ፣ ሁለት ደቂቃ ተኩል ይቀርሻል» አላት።

«ምን ልበልበት?» አለች፤ አገር እየሰማ።

ከዚያ ራሷ ሳቀች። ሳቁ ሲወጣ ፍርሃቱን ይዞት ወጣ።

«እሺ፣ ይሄን ልንገራችሁ። ባለፈው ሳምንት ስጋግር አድሬ ጤና ጣቢያ ሄድኩ። ሰልፉ አስፋልቱ ድረስ ነው። እኔ ደግሞ ፊቴን አልታጠብኩ፣ ዱቄቱ እንዳለ። ዘበኛው አየኝና ‹ኧረ ይቺ ሴትዮ ደም የላትም፣ አሳልፏት!› ብሎ ከሰው ሁሉ አስቀደመኝ። አፌን ይዤ ገባሁ። ከጎህ ጀምሮ የቆሙ እናት ‹እግዜር ይማርሽ ልጄ› ሲሉኝማ መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ አልኩ…»

ባለከረባቱ ከረባቱን ትቶ ወደ መስታወቱ ተጠጋ። አጎቴም በአንድ ዓይኑ ሰዓቱን፣ በሙሉ ጆሮው እሷን ይከታተላል።

«…ሐኪሙ የዓይኔን ቆብ ገልጦ አየና ምን አለኝ መሰላችሁ? ‹አንቺ…›»

አምስት ደቂቃ ሞላ። ቆረጣት።

«ምን ዓይነት ጭካኔ ነው!» አለ ባለከረባቱ። «ብትጨርስ ምን ነበረበት?»

«ለእርስዎም እንዲሁ ነው። ይግቡ።»

በማግስቱ ዳቦ ቤቱ ደጃፍ የተሰለፈው ሰው ከዳቦ በፊት «ሐኪሙ ምን አለ?» እያለ ይጠይቅ ነበር። አጎቴም ተሰልፏል። የቆረጠውን ንግግር ቀሪ ፍለጋ በእግሩ ሲሄድ ያ የመጀመሪያው ነው።

ጋጋሪዋ እጇን በሽርጧ ጠራረገች። «‹አንቺ ደምሽ ሙሉ ነው፤ የጎደለው ሐኪም ነው። መቶ አርባ ሰው ለእኔ ለአንዱ!› አለኝ። የምወዳደረው ለዚህ ነው።»

«ታዲያ ይሄን የመሰለ ነገር ይዘሽ ያንን ወረቀት ምን አስነበበሽ?» አሉ አንድ አዛውንት፤ ሰልፉ በሳቅ ፈረሰ።

ሳቁ ወዲያው ክርክር ሆነ። አንዱ ሐኪም ከየት ይመጣል ይላል፤ ሌላዋ የከሰዓት ፈረቃ ይጨመር ትላለች። ከሰልፉ ጭራ ባለከረባቱ «እኛም በዕቅዳችን ላይ…» ብሎ ሲጀምር፣ «አንተ ትናንት ተናግረሃል!» ብለው ጮኹበት፤ ግን አስጨረሱት። አጎቴም ትኩስ ዳቦውን እንዳቀፈ እስከ መጨረሻው ሰማው።