አውድማ ላይ የተሠራው ሳሎን

ትናንት ካዛንቺስ፣ ያደግኩበት ጭቃ ቤት ሲፈርስ ደረስኩ። ከተናደው ግድግዳ የጭድ ሽታ ወጣ።

የኮንዶሚኒየም እጣ ወጥቶልን ከዚያ ቤት ወደ ከተማው ዳር ስንሄድ የአዲሱ ሕንፃ ዘበኛ አባባ ቶላ ነበሩ፤ ሕንፃው የቆመው ድሮ የእርሳቸው በነበረው የጤፍ ማሳ ላይ ነው። አንድ ቀን የእማዬን ዘንቢል ተሸክመውላት መጡና ግራውንድ ያለው በራችን ላይ ጫማቸውን አወለቁ።

«ኧረ በጫማዎ ይግቡ፣ አባባ! ሲሚንቶ እኮ ነው» አለቻቸው።

«ጤፌን የምወቃበት አውድማ እዚህ ነበር። አውድማ በጫማ አይረገጥም፣ ልጄ።»

እማዬ ነጠላ ጫማዋን አወለቀች። እኔ ሳቅሁ።

ትናንት ካዛንቺስ አንዱ አፍራሽ፣ ድሮ ሳሎናችን የነበረው ወለል ላይ በቦቲው ቆሞ ነበር። ጫማህን አውልቅ ልለው ስል የራሴን እግር አየሁ። እኔም አላወለቅኩም።