መጅ ይዞ መጥለቅ

ስለ ደርግ ዘመን ሲወራ፣ ያኔ ማንም አልሳቀም፣ ማንም አልዋኘም የሚል ስምምነት ያለ ይመስላል። ይቅርታ ይደረግልኝና እኛ ዋኝተናል። ለጥቂት ጊዜም ቢሆን ውኃ ውስጥ ተንፍሰናል።

ጠላቂ ለመሆን የምናውቀው መንገድ ባሕር ኃይል መግባት ነበር። ጓደኛዬ ግን ወታደርነቱን ሳይሆን ጥልቀቱን ብቻ ነው የፈለገው። በአንድ ያረጀ መጽሔት ላይ አየር የታጨቀበት ሲሊንደር ያዘለ ሰው አይቷል። ሲሊንደር የት ይገኛል? ኮምቦልቻ ግን አንድ ጎሚስታ ነበር። ክረምቱን የከባድ መኪና ጎማ ስንፈታለት ከረምን፤ በክፍያ ፈንታ አንድ የተጣፈ የጎማ ላስቲክና ቀጭን ቱቦ ሰጠን። ነፍቶም አሸከመን።

አውቶቡስ ጣሪያ ላይ አስረነው ወደ ሐይቅ ስንሄድ የኬላው ጠባቂ አስወረደን።

«ውስጡ ምንድን ነው?»

«አየር» አለ ጓደኛዬ።

«ሐይቅ አየር አልቆ ነው ከዚህ የምትጭኑት?»

«ወላሂ፣ ውኃው ውስጥ የለም!»

ጠባቂው ላስቲኩን አሸተተው፣ በጡጫ ነረተው። አየር ስለ መቅረጥ የወጣ መመሪያ አልነበረም መሰለኝ፣ ለቀቀን።

የተነፋ ላስቲክ በራሱ እንደማይሰምጥ እናውቃለን። የባሕር ዳርቻ ልጅ ቢሆን መልሕቅ ያስብ ነበር፤ ጓደኛዬ የደሴ ልጅ ነውና የእናቱን የወፍጮ መጅ በኬሻ ይዞ መጣ። እናቱ ለቅሶ ሊደርሱ ቢስቲማ ሄደዋል፤ በማግስቱ ይመለሳሉ። መጁ ከእናታቸው የወረሱት፣ ለጎረቤት እንኳ የማያውሱት ነው።

ሐይቁ ዳር ካለ ቋጥኝ ላይ ሆነን መጁን ላስቲኩ ላይ አሰርነው። አልሰመጠም። እስኪሰምጥ ድረስ አየሩን አስተነፈስነው። ጓደኛዬ ቱቦውን ነክሶ አብሮት ወረደ። ብዙም ሳይቆይ ላስቲኩ ከውኃው ዘሎ ወጣ፤ እሱም ተከተለው።

«ተነፈስኩ!» አለ እየሳለ። «ጎማ ጎማ ይላል እንጂ ተነፈስኩ!»

«መጁስ?»

ገመዱ ባዶውን ተንጠልጥሏል።

ባዶ እጁን ጠለቀ፤ ግማሽ ሳይደርስ ውኃው መልሶ ተፋው። ደጋግሞ ሞከረ። ከንፈሩ ጠቆረ።

«ተው፣ ሌላ እናስጠርባለን» አልኩት።

«አንተ እናቴን አታውቃትም። መጇን በመዳፏ ነው የምትለየው።»

ትንሽ ተቀምጦ ተንቀጠቀጠ። ከዚያ ብድግ አለና ከዳር አንድ ትልቅ ድንጋይ አቅፎ ከነድንጋዩ ዘለለ። ውኃው ገጠመ። የማውቀውን ጸሎት ጨርሼ የማላውቀውን ስጀምር ብቅ አለ፤ ያኛውን ድንጋይ ታች ትቶ፣ መጁን ደረቱ ላይ ለጥፎ።

«ዓሦቹ እኮ» አለ ትንፋሹ ሲመለስ፣ «ሰው አይፈሩም!»

በማግስቱ እናቱ ወፍጮው ፊት ተቀምጠው መጁን አገላበጡት። በመዳፋቸው ዳበሱት። እኛ በር ላይ ደርቀን ቆመናል።

«ማነው እንዲህ አርጎ ያጠበው?»

«እኔ ነኝ፣ እማ።»

«አሏህ ይባርክህ! ሴት ልጅ ነፈገኝ ስል ላንተ ልብ ሰጠህ?»

«በየሳምንቱ ላጥብልሽ?» አለ ወዲያው።

እንባቸው መጣ። እስከ ብርዱ ወራት ድረስ መጁን በኬሻ እየያዝን፣ ምርቃታቸውን እየተቀበልን ወደ ሐይቅ ተመላለስን፤ አሁን በድርብ ገመድ።