እትዬ ዘነበች ያስቆሙኝ ገጽ

ባለፈው ቅዳሜ ከአብነት ወደ ልደታ ስመጣ፣ ከአንዲት ጠባብ የልብስ ስፌት ቤት የወጣ የስፌት መኪና ዘይት ሽታ ባለሁበት አቆመኝና ወደዚያ አሥራ አራት ዓመት ወደሞላኝ ክረምት መለሰኝ፤ እናቴን ከቀበርን ገና ሁለት ወር አልሞላንም ነበር።

ጌጃ ሰፈር ከእኛ ጋር ግድግዳ የሚጋሩት እትዬ ዘነበች የተማሪ ዩኒፎርም ይሰፉ ስለነበር፣ ክረምት በገባ ቁጥር ቤታቸው በሰማያዊ ጨርቅ ይሞላና እንግዳ ቢመጣ ከቀሚስ ክምር ጋር ተጋፍቶ ነበር የሚቀመጠው። አባቴ መሥሪያ ቤት ሲሄድ እኔን ለእሳቸው አደራ ይሰጣል። ማንበብ አይችሉም፤ "እጄ እንጂ ጆሮዬ ሥራ ፈት ነው፣ እስኪ አንብቢልኝ" ይሉኛል።

የማነብላቸው ከክፍል ጓደኛዬ የተዋስኩትን፣ ሽፋኑ የተገነጠለ የትርጉም ልብወለድ ነበር። ስለ አንዲት የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ፣ ክንፍ ስላለው ነብር፣ የሰው ጥላ ስለምትሰርቅ ንግሥት ይተርካል። አሯሯጡ ለጉድ ነው! በአንዱ ምዕራፍ ድልድይ ይፈርሳል፣ በሚቀጥለው ከተማ ይቃጠላል፤ እትዬ ዘነበችም ሳይታወቃቸው መርገጫውን እያፈጠኑ ስንቱን እጅጌ ገልብጠው ሰፍተዋል። ግን በቀላሉ የሚታለሉ አድማጭ አልነበሩም። "ልጅቷ ሦስት ቀን በነብሩ ስትበር እህል አልቀመሰችም እኮ!" ይላሉ። አንዱን ልዑል ገና እንዳየችው ብትወደው፣ "ሳይለካ የተቆረጠ ጨርቅ" ብለው አፋቸውን አጣመሙ።

እኔ እከራከራቸዋለሁ። የምወደው መሮጡን ነበራ! መጽሐፉ ለማሰብ ፋታ አይሰጥም፣ እኔም ፋታ አልፈልግም። ለቅሶ የመጣው ሰው ሁሉ አንዲት እንባ ስላላፈሰስኩ "ጠንካራ ልጅ" ብሎኛል፤ አባቴ በዚህ የሚጽናና ስለመሰለኝ ጥንካሬዬን እንደ ሥራ ይዤው ነበር።

አንድ ቀን ከሰዓት፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበው፣ የልጅቷን እናት የንግሥቲቱ ወታደሮች ገደሏት። ገጹን ገለጥኩ፤ ልጅቷ ነብሯ ላይ ወጥታ በረረች። የስፌት መኪናው ድምፅ ቀጥ አለ።

"ቆይ እስኪ፣ አላለቀሰችም?" አሉ እትዬ ዘነበች።

"ጊዜ የላትም እኮ፣ እያሳደዷት ነው" አልኳቸው።

"እናቷ አይደለችም እንዴ? ጸሐፊው ቢቸኩል እኛን ማን አስቸኮለን? በይ፣ ከሞተችበት ጀምሪልኝ። ቀስ ብለሽ፣ የኔ ልጅ።"

ሁለተኛው መስመር ላይ ድምፄ እምቢ አለኝ። እትዬ ዘነበች መቀሳቸውን አስቀምጠው ጭንቅላቴን ጭናቸው ላይ አስደገፉኝ፤ የማላውቃት ተማሪ ቀሚስ እስኪርስ አለቀስኩ። አመሻሽ ላይ አባቴ ዓይኔን አይቶ አጠገቤ ተቀመጠና እሱም አለቀሰ። ከቀብሩ ወዲህ የእናቴን ስም በመካከላችን ያነሣነው ያን ቀን ነው።

መጽሐፉንም ጨረስነው። "ጉድለቱ ብዙ ነው፤ ግን እስከዚህ ተሸክሞ ያደረሰሽ እሱ ነው፣ ክፉ አልናገረውም" አሉኝ እትዬ ዘነበች፤ እኔም እስከ ዛሬ ለቸኳይ መጽሐፍ ከዚህ የተሻለ ፍርድ አልሰማሁም።

ያ ግቢ ፈርሶ ፎቅ ቆሞበታል፤ እትዬ ዘነበችም አርፈዋል። አሁን የምኖርበት ኮንዶሚኒየም ውስጥ ከግድግዳዬ ማዶ ያለውን ሰው ስም እንኳን አላውቅም። አባቴ ግን አለልኝ፤ እሁድ እሁድ ስሄድ ስለ እናቴ ያወራኛል፣ ወሬውም አላለቀም። ባለፈው እሁድ ለመጀመሪያ ጊዜ ነገረኝ፦ በሠርጓ ቀን ጫማዋ ቢጠባት አውልቃ አማቷ እጅ ላይ አስቀምጣ ጨፈረች።