ዋሻ የፈለግሁላት ሸረሪት

ልጅ ሳለሁ፣ ጀጎል ግንብ ውስጥ ከእማማ ዘይነባ ግቢ አንዲት ክፍል ተከራይተን ስንኖር፣ ሸረሪት ከእኛ ቀድማ የገባች ተከራይ ነበረች። በድንጋዩ ግድግዳ ስንጥቅ፣ በማገዶው ክምር፣ ከእንስራው ጀርባ፣ የሌለችበት የለም። አባታችን ወታደር ስለነበር ኦጋዴን ወርዶ በዓመት አንዴ ብቅ ይላል፤ ቤት ያለነው እናቴ፣ እኔና አምስት ዓመት ያልሞላው ወንድሜ ጌታሁን ነን። ዛሬ ሳቄ ሰፈር የሚቀሰቅስ ሴትዮ ነኝ፤ ያኔም አፌ አያርፍም ነበር፤ አራተኛ ክፍል ላይ ከትምህርት ጋር የተጣላነውም በዚሁ በአፌ ነው። ዝም የምለው እማማ ዘይነባ ሲያወሩ ብቻ ነው።

ሲመሽ እሳቸው ቀይ አፈር በተቀባው ከፍ ያለ መደብ ላይ ተቀምጠው ሙዳይ ይሰፋሉ፣ እኔ ከእግራቸው ሥር እቀመጣለሁ፤ የከሰሉ ፍም አመድ እየለበሰ፣ የኩራዙ ጭስ ጣራውን እያጠቆረ፣ የወስፌያቸው ጥላ ግድግዳው ላይ ሲወጣ ሲወርድ፣ ያኔ ዓለም ሁሉ ከዚያች ክፍል የምትበልጥ አይመስለኝም ነበር።

«ሸረሪት አትገደልም» ይሉኛል። «ነቢያችን ከጠላት ሸሽተው ዋሻ ሲገቡ፣ ደጃፉ ላይ ድሯን አደራችበት። ጠላት መጣና ‹ሰው ቢገባ ኖሮ ይሄ ይበጠስ ነበር› ብሎ ተመለሰ። ሱብሃነላህ! በአንዲት ክር! ደግሞ እሷም እንደኔ ባለ እጅ ናት፤ ባለሙያ ባለሙያን ይገድላል?»

እናቴ ከበሩ ወዲያ ሆና፣ «እማማ፣ እሷ ዋሻውን ትጠብቅ፤ የኔን ቤት ጠብቂ ያላት ማነው?» ትላለች። ይሳሳቃሉ። ሃይማኖታቸው ለየብቻ፣ ሳቃቸው ግን አንድ ነበር።

የጸሎተ ሐሙስ ዕለት እናቴ ቤቱን ለፋሲካ ልታጸዳ መጥረጊያዋን አነሳች። ከእንስራው ጀርባ አንዲት ጥቁር፣ የምታብለጨልጭ፣ አተር የምታህል ሸረሪት ነበረች፤ ሆዷ ላይ ቀይ ነጥብ አለባት። መጥረጊያው ሲቀርብ ያኔ የእማማ ዘይነባ ዋሻ ትዝ አለኝ። በእንጨት አባበልኳትና የጌታሁን ሸራ ጫማ ውስጥ አስገባኋት። ጫማውን አባቴ ነው የላከለት፤ ከበዓል በቀር አይደረግም፤ ከዚህ የተሻለ ዋሻ ከየት ይመጣል? ጽዳቱ ሲያልቅ ማገዶው ጋ ልመልሳት ነበር። ከዚያ ጉልባኑ ቀረበ፣ በላሁ፣ ረሳኋት።

ጌታሁን ለካ ጫማውን ለመንገዱ ልጆች ሊያሳይ ሰርቆ ወጥቷል። በአንድ እግሩ አጥልቆ «እሾህ ወጋኝ!» እያለ መጣ። እናቴ ጫማውን አውልቃ አልጋው ሥር ወረወረችው። «ለፋሲካ ነው አላልኩህም? እሰይ! ደግ አደረገህ!»

እኔ አውቄያለሁ። ግን ያኔ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ሸረሪት ትሸናለች፣ ቆዳ ያብጣል፣ ይድናል ብቻ ነው፤ በዚያ ተጽናናሁና ዝም አልኩ። እኔ! ዝም!

ብዙም ሳይቆይ ልጁ ላብ አጠመቀው። ሆዱ እንደ ጣውላ ደረቀ፣ እግሩን ወደ ደረቱ እየሰበሰበ ይጮኻል። «ጉልባኑ ነው የነፋው» አለች እናቴ፤ ጤና አዳም ጨምቃ ብታጠጣው ተፋው። እማማ ዘይነባም በሞቀ ጨርቅ ሆዱን ቢያሹት ባሰበት። መንገዱ ለጋሪ አይበቃም፤ እናቴ አዝላው፣ እኛ ከኋላ እየሮጥን፣ ከግንቡ ውጭ ወዳለው ሆስፒታል ወሰድነው።

ሐኪሙ ሆዱን ነካ ነካ አደረገና «አንጀቱ ተጠላልፏል፤ መቀደድ አለበት» አለ።

እናቴ መሬት ወደቀች። «ልጄን ቢላ አታስነኩብኝ! አባቱ ሳያየው!»

ያኔ ጉሮሮዬ ተከፈተ። «ሸረሪት ናት! እኔ ነኝ ጫማው ውስጥ ያስገባኋት!»

«አንቺ ልጅ፣ አሁን የተረት ጊዜ ነው?» አለችኝ እናቴ። ሐኪሙም አልሰማኝም። አንድ ሽማግሌ ድሬሰር ብቻ ዞር አለ።

«ምን ዓይነት? ጥቁር ናት? ሶፊ ገጠር ጫት የሚለቅሙትን ስትነክስ ሆዳቸው እንዲህ ነው የሚደርቀው። ሂጂ አምጫት። ቢላው ሳይደርስ!»

ሮጥኩ። የግንቡን በር አልፌ፣ ገበያውን ጥሼ፣ በጠባቡ መንገድ ግድግዳ ክርኔን እየላጠኝ፣ «አምላኬ፣ ወጥታ እንዳትሄድ» እያልኩ። ልትሞት የሚገባት እንዳታመልጥ፣ ያዳንኳትን እንዳላጣት የምለምነው እኔው ነኝ። የጫማውን አፍ በሻሼ አስሬ ተመለስኩ።

ድሬሰሩ ጫማውን ሲሚንቶው ላይ መታ መታ አደረገው። ወደቀች። ሐኪሙ ጎንበስ ብሎ አያት፤ የልጁን እግር አገላበጠና ቀይዋን ነጥብ አገኛት። «ቢላው ይቆይ፤ መርፌ አምጡ» አለ።

እማማ ዘይነባ ወደፊት መጡ፤ በዕድሜያቸው አንዲት ሸረሪት ያልገደሉት ሴትዮ ነጠላ ጫማቸውን አወለቁ፣ «ቢስሚላህ» አሉ፣ ጨፈለቋት። ከዚያ እዚያው ቁጭ ብለው እንደ ልጅ አለቀሱ።

መርፌውም ወዲያው አላዳነውም። ስቅለትን እናቴ አልጋው ሥር ስትሰግድ፣ እማማ ዘይነባ ከጎኗ መቁጠሪያ ሲቆጥሩ፣ እኔ በሩ ላይ ቆሜ ትንፋሹን ስሰልል ዋልን። ማንም አልመታኝም፤ ቢመቱኝ ይሻለኝ ነበር። ቅዳሜ ጠዋት ሆዱ ላላ። ዓይኑን ገለጠና፣ «ጉልባን ተርፏል?» አለ።

በሌላ ማታ እማማ ዘይነባ ሙዳያቸውን ጭናቸው ላይ አሳርፈው፣ «የኔ ልጅ፣ ጥፋቱ የኔ ነው፤ ግማሹን ብቻ ነግሬሻለሁ» አሉኝ። «ሸረሪቷ ዋሻው ደጃፍ ላይ ነበረች። ውስጥ አልገባችም።»

ከዚያ ሁሉ ተረት ይህችው ቀረችኝ። የቤቴ በር መቃን ላይ ያለውን ድር እስከ ዛሬ አልነካም፤ ጓዳዬ ያለውን ግን አልምርም። እናንተም፣ የጌታሁን ልጆች፣ ከቤቴ ስትወጡ ጫማችሁን ሳላራግፍ አልሸኛችሁም፤ ትስቁብኛላችሁ፤ እኔም ከእናንተ በላይ እስቃለሁ። አባታችሁ ግን አይስቅም። ሽበታሙ ሰውዬ በሩ ላይ ቆሞ፣ ጫማውን በሁለት እጁ ያቀብለኝና፣ እስክጨርስ በባዶ እግሩ ይጠብቀኛል።