ሆዳንን ዝም ያሰኘኋት እኔ ነኝ

ይህን ለባሌም፣ ለልጆቼም፣ ለማንም ትንፍሽ ብዬ አላውቅም። በአማርኛ የምጽፈውም ስለምፈራ ነው። እህቴ ሆዳን አማርኛ አታነብም።

የእርስ በርስ ጦርነቱ ከተማችንን ሐርጌሳን ሲበላ እኔ አሥራ አምስት፣ እሷ አምስት ዓመቷ ነበር። አባታችን ቀድሞ ሞቷል። ከዋሄን ገበያ ጀርባ፣ ግቢያችን ውስጥ በተቆፈረ ጉድጓድ ከጎረቤቶች ጋር ተጠቅጥቀን ተደብቀን ነበር። ከቀትር በኋላ እናታችን ውሃ ልትፈልግ ወጣች። ሆዳን "ሆዮ! እማዬ!" እያለች መጣራት ጀመረች። የመንግሥት ወታደሮች ቤት ለቤት እየፈተሹ ነበር።

"አፏን ያዢያት፣ ልታስጨርሰን ነው!" አለችኝ አንዷ ጎረቤት።

ያዝኳት። መዳፌን ነከሰችኝ። ያን ጊዜ ጆሮዋ ላይ ተደፍቼ፣ "ድምፅሽን ከሰሙ ሆዮን ይገድሏታል" አልኳት።

ጸጥ አለች። እጄን ሳነሳላት ግን አንድ ጊዜ ብቻ፣ በቀጭኑ፣ "ሆዮ" አለች። ወዲያው የመድፍ ጥይት ወደቀ። ምድር ተናወጠች።

እናታችንን በር ላይ ሞታ አገኘናት። ሆዳን አየቻት፤ ቀጥላ እኔን አየችኝ። ምን እየጠየቀችኝ እንደነበር ገብቶኛል። "ያስገደልሻት አንቺ አይደለሽም" ማለት ምን ይከብዳል? እኔ ግን አላልኩም። ወደ ኢትዮጵያ ድንበር በእግር ስንሸሽ የሌሎች ልጆች ሲያለቅሱ እናቶች በፍርሃት ያልቁ ነበር። የኔዋ ጭጭ። ጭጭ ማለቷ ተመቸኝ። አዎ፣ ተመቸኝ! የስደተኞች ካምፕ ደርሰንም አላልኩም። አክስታችን እሷን እዚያ ስታሳድግ እኔ ድሬዳዋ ዘመድ ቤት ገባሁ። ሁለት ዓመት ሙሉ ቃል እንዳልወጣት እየሰማሁ፣ አላልኩም።

አሁን ሁለታችንም ሐርጌሳ ተመልሰናል። ሆዳን አራት ልጆች አሏት። ልጆቿን ጮክ ብላ ጠርታ አታውቅም፤ ያሉበት ድረስ ሄዳ ትከሻቸውን ትነካለች። በር ድርግም ሲል ትንፋሿ ይቆማል። እንቅልፍ የላትም፣ ጨጓራዋ ያቃጥላታል። አንድ ሐኪም "በልጅነትሽ ምን ደርሶብሻል?" ብሎ ሲጠይቃት አጠገቧ ነበርኩ። ተሽቀዳድሜ "ጦርነቱ ነው፣ በሁላችንም ላይ የደረሰ ነው" አልኩት። ለምን ተሽቀዳደምኩ? እንዳታስታውስ ፈርቼ አይደለም?

ባለፈው ሳምንት ጋአን ሊባህ ሰፈር ከቤቷ ደጃፍ ቆመን ሳለን ትንሿ ልጇ ወደ አስፋልቱ ሮጠች። መኪና እየመጣ ነው። ሆዳን አፏን ከፈተች፤ ድምፅ የለም። የአንገቷ ሥር ተገታትሯል፣ ድምፅ ግን የለም። የጮህኩት እኔ ነኝ። ሾፌሩ ፍሬኑን ያዘ፣ ልጅቷ ተረፈች።

ሆዳን ልጇን አቅፋ መሬት ላይ ተቀመጠች። ቀና ብላም፣ "አባዮ፣ እህቴ፣ ለምንድን ነው መጣራት የማልችለው?" አለችኝ።

"አላህ ያውቃል" አልኳት።

እኔም አውቃለሁ። ብነግራት ያን ጉድጓድ እንደ አዲስ የምከፍትባት ይመስለኛል፤ ከዚያ ይልቅ ግን ዓይኗን እፈራለሁ። አንባቢዬ፣ "ልጅ ነበርሽ" እንዳትለኝ። ያን ቀን ልጅ ነበርኩ። "አላህ ያውቃል" ያልኩት ግን ባለፈው ሳምንት ነው፤ ሃምሳ ዓመት አልፎኛል።